እንዶድ፦ ከልብስ ማጠቢያ ወንዝ የተነሣ ምርምር

የማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ማኅበሩ አመሠራረት ለመጻፍ ነበር። ይሁን እንጂ ያን ታሪክ ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት አባቶችና እናቶች በሌላ ገጽ ስለሚተርኩት፣ እኔ በቤቴ የተነሣ አንድ ጥያቄ ወደመራኝ ታሪክ ልወስዳችሁ መረጥኩ።

እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጄ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታጠናለች። አንድ ማታ ራት ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «አባዬ፣ እንዶድ ምንድን ነው?» አለችኝ። መምህሯ በዕፅዋት ውስጥ ስለሚገኙ አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገሮች ሲያስተምሩ የእንዶድን ስም ጠቅሰው፣ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ልብስ ያጥቡበት እንደነበር ተናግረዋል። በክፍሉ ያለችው ኢትዮጵያዊት እርሷ ብቻ ስለነበረች ተማሪው ሁሉ ዞሮ ተመለከታት። እርሷ ግን ስሙን ሰምታው አታውቅም።

እኔ በልጅነቴ የእናቴን እንዶድ በሙቀጫ የወቀጥኩ፣ ጋቢና ነጠላ ተሸክሜ ወንዝ የወረድኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ከልጄ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አንድም ቀን ስለ እንዶድ አንስቼላት አላውቅም። ለምን ብዬ ራሴን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ደስ የሚል አልነበረም። እንዶድን ሳሙና መግዣ ያጣ ሰው የሚጠቀምበት የድህነት ምልክት አድርጌ ቆጥሬው ኖሯል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት እኔን አግኝቶኛል።

ከዚያች ማታ በኋላ አባትና ልጅ ሆነን ያገኘነውን ሁሉ ማንበብ ጀመርን። ያነበብነው የአንድ ተክል ታሪክ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ሕክምና፣ ኬሚስትሪና ምህንድስና እንዴት እንደሚፈላለጉ፣ ደግሞም ከድሃ አገር የተነሣ ዕውቀት በዓለም ፊት ለመታመን ምን ያህል እንደሚደክም የሚያሳይ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልኝ እጠይቃለሁ።

በሽታው፣ ውሃውና ቦዩ

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ ብልሃርዚያን ማወቅ ያስፈልጋል። በሽታው ስሙን ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ እርሱም ትሉን ያገኘው በ1851 ካይሮ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ትሉን ቢያገኝም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ለብዙ ዓመታት ምሥጢር ሆኖ ቆየ። ምሥጢሩ የተፈታው በ1913 በጃፓን፣ በ1915 ደግሞ በግብፅ በተደረጉ ጥናቶች ነው። በመካከል ሌላ ፍጡር አለ፤ እርሱም በወንዝና በቦይ ዳር የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ወደ ውሃው ይገባል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ በዓይን የማይታየው ጥገኛ ወደ ቀንድ አውጣው ይገባል፤ በዚያም ይራባና በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ወደ ውሃው ይመለሳል። ከዚያም ውሃ የሚቀዳውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። በደጋው አገራችን የሚበዛው ዓይነት በአንጀትና በጉበት ደም ሥር ውስጥ የሚኖረው ነው። ሌላው ዓይነት በቆላው፣ ለምሳሌ በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆና እዚህ በኬንያ የባሕር ጠረፍ የሚገኝ ሲሆን ፊኛን ያጠቃል፤ ሽንትንም ደም ያስመስላል። በሽታው ቶሎ የሚገድል አይደለም። ሕፃኑን ከትምህርቱ፣ ገበሬውን ከጉልበቱ እየቀነሰ ለዓመታት አብሮ የሚኖር ነው።

እንግዲህ ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ሦስት በሮች አሉ። አንደኛው የታመመውን ማከም ነው፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው። ሁለተኛው ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው፤ ይህ የኬሚስቱ ሥራ ነው። ሦስተኛው ሰውና የተበከለ ውሃ እንዳይገናኙ ማድረግ ነው፤ የመጸዳጃ ቤት፣ የንጹሕ ውሃ መስመርና ደህና ሆኖ የተቀየሰ ቦይ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ግን መሐንዲሱ ሳያስበው በሽታውን የጋበዘበት ጊዜም ነበር። በሱዳን የሰናር ግድብ በ1925 ተጠናቆ የገዚራ እርሻ ሲስፋፋ፣ በኬንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የምዌያ የሩዝ እርሻ በመስኖ ሲለማ፣ በእኛም አገር በአዋሽ ዳር የወንጂ ሸንኮራ ሲተከል፣ ቀስ ብሎ የሚፈሰው የቦይ ውሃ ለቀንድ አውጣው ምቹ ቤት ሆነለት። ከሩቅ የመጡ ሠራተኞችም ሳያውቁት በሽታውን ይዘው መጡ። አገር የሚያጠግበው ውሃ ልጆችን አሳመመ። በዚያን ጊዜ ይሰጡ የነበሩት መድኃኒቶች ደግሞ አብዛኞቹ ከአንቲሞኒ የሚሠሩ መርፌዎች ሲሆኑ በሽተኛውን ክፉኛ የሚጎዱ ነበሩ። ቀንድ አውጣን የሚገድሉት የፋብሪካ ኬሚካሎችም ለድሃ አገር ዋጋቸው የሚቀመስ አልነበረም።

ዓድዋ፣ 1964

በዚህ ጊዜ ነው በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ የተጓዙት። ሥራቸው በከተማይቱ በሚያልፉት ወንዞች ዳር እየተዘዋወሩ የቀንድ አውጣውን ዓይነትና ብዛት መመዝገብ ነበር። በዚህ መካከል አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ይታያሉ፤ በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንደዚያ አይደለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አልፎት ይሄድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዷን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ተኮማትረው ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ የተካሄደው እዚያው ወንዝ ዳር፣ በልብስ አጣቢ እጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ እኔና ልጄ ረጅም ጊዜ ተከራክረናል። እርሷ፣ «ዋናው ነገር ማስተዋላቸው ነው» አለች። እኔ ደግሞ ማስተዋል ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። ያ ተመራማሪ እንዶድ ምን እንደሆነ ባያውቅ ኖሮ፣ ሴቶቹን ቀርቦ ለማነጋገር ባይችል ኖሮ፣ የሚያየው አረፋና የሞተ ቀንድ አውጣ ብቻ በሆነ ነበር። ሳይንሱን ከባልቲሞር ተምረውት መጡ፤ እንዶድን ግን ያወቁት ከአገራቸው ነው። ግኝቱ የተወለደው ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ስለተገናኙ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሙከራውን ደጋገሙት። የመጀመሪያውንም ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በዩኒቨርሲቲውም ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። የታወቀው የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የላቦራቶሪና የመስክ ውጤታቸውን በ1970 አትሞታል።

አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ኬሚስቶች ሄደ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ከዶክተር አክሊሉ ጋር በመተባበር የእንዶድን ፍሬ መረመሩ። ቡታኖል በተባለ ፈሳሽ ሲጣራ ኃይሉ እንደሚጨምር በ1972 አሳወቁ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የተባለ የንጥረ ነገር ወገን ሆኖ ተገኘ። ሳፖኒን ማለት እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ማለት ነው። ከእነዚህም አንዱን ለዶክተር አክሊሉ ክብር ሲሉ «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። የአንድ ኢትዮጵያዊ አባት ስም በኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ገባ።

ቀጥሎ የምተርክላችሁን ያገኘችው ልጄ ናት። የሳፖኒን አካል ስብን የሚወድ አንድ አስኳልና በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ የስኳር ሰንሰለት አለው። በደረቀው የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን አብዛኛው የስኳር ሰንሰለት የተንጠለጠለበት በሁለት በኩል ነው፤ በዚህ ሁኔታ እያለ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይነቃና አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል። ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአውሮፓ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ፍሬው በፈላ ፈሳሽ ቢጣራ ኢንዛይሙ ስለሚሞት የሚገኘው ሳፖኒን ደካማ ይሆናል። እንግዲህ በትልልቅ ላቦራቶሪ ውድ በሆነ ፈሳሽ ከማጣራት ይልቅ ወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፉ ትክክለኛው መንገድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ልጄ ይህን ባነበበች ዕለት አገር ቤት ላለችው አያቷ ስልክ ደወለች። አማርኛዋ በስዋሂሊ እየተቀላቀለባትም ቢሆን፣ «አያቴ፣ እንዶድ ስትዘፈዝፊ ውሃውን ታፈዪው ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ሳቀች። «ምን ብዬ አፈላዋለሁ ልጄ? ወንዝ ዳር እሳት ማን ያነድልኛል?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ግን ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለ እንዶድ አወራቻት፤ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ አረፋው ዓይን ሲገባ እንዴት እንደሚያቃጥል። በሕይወቴ ከእናቴ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር በዚያ ስልክ ሰማሁ። ጠይቄያት አላውቅማ።

አምስቱ ዓመታት

በላቦራቶሪ የሠራ ነገር ሁሉ በወንዝ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ የአምስት ዓመት የመስክ ጥናት ተካሄደ። ፍሬው እየተፈጨና እየተዘፈዘፈ ቀንድ አውጣ ባለባቸው ወንዞች ውስጥ በየጊዜው ይጨመር ነበር። ውጤቱ እንዲህ ሆኖ ተመዘገበ። ከመላው የከተማው ሕዝብ በበሽታው የተያዘው 63 በመቶ የነበረው ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ 50 በመቶ የነበረው ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ምክንያት አለው። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ ቀንድ አውጣው ቢጠፋም አስቀድመው የታመሙት አዋቂዎች ወዲያው አይድኑም። ሕፃናቱ ግን ወንዙ ከጸዳ በኋላ የተወለዱ ወይም ውሃ መንካት የጀመሩ ናቸው። የወንዙን መጽዳት የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከዶክተር አክሊሉ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እንዶድ በዱር የሚበቅል በመሆኑ አንዱ ፍሬ ኃይለኛ፣ ሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። ዶክተር ለገሰ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ ተክለውና አወዳድረው፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኃይሉ የበረታውን «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ። ይህ ባይደረግ ኖሮ እንዶድን እንደ ሰብል ማምረት የማይታሰብ ነበር። ሁለቱም ሳይንቲስቶች በ1989 ስቶክሆልም ውስጥ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል።

ማን ይመነን?

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው፣ ታዲያ እንዶድ ለምን በአፍሪካ ወንዞች ሁሉ ሥራ ላይ አልዋለም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ልጄም ጠይቃኛለች። መልሱ አንድ ብቻ አይደለም።

አንደኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው። ወደ መጠጥ ውሃ የሚጨመር ነገር ሰውን፣ ከብትንና ዓሣን ምን እንደሚያደርግ መመርመር አለበት፤ ይህ አግባብ ነው። እንዶድ ዓሣን እንደሚገድል፣ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ግን እንደማይገድል ይታወቃል። በሌላ በኩል በቀናት ውስጥ በውሃ ፈርሶ የሚጠፋ መሆኑ መልካም ጠባዩ ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈልገው ዓይነት የመርዛማነት ምርመራ ብዙ ገንዘብና በታወቀ ደረጃ የሚሠራ ላቦራቶሪ ይጠይቅ ነበር። ኢትዮጵያ ሁለቱም አልነበሯትም። ለፋብሪካ ኬሚካል ወጪውን የሚሸፍነው የሚሸጠው ኩባንያ ነው። ማንም ገበሬ በጓሮው ሊተክለው ለሚችል ዛፍ ግን ወጪውን ማን ይሸፍን?

ሁለተኛው የእምነት ጉዳይ ነው። ዶክተር አክሊሉ በኋለኞቹ ዓመታት በተለያዩ መድረኮች እንደገለጹት፣ ችግሩ የሳይንስ ብቻ አልነበረም። በአፍሪካ ላቦራቶሪ፣ በአፍሪካውያን የተገኘ ውጤት በውጭ ላቦራቶሪ እስኪደገም ድረስ እንደ ውጤት አለመቆጠሩ ነበር የሚያሳዝናቸው።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። የ1974 አብዮት አገሪቱን ለወጠ፤ ዶክተር አክሊሉም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ማገልገል ጀመሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ብቅ አለ። በአፍ የሚዋጥና ከቀድሞዎቹ መርፌዎች እጅግ የተሻለ በመሆኑ፣ የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ ክኒኑ ዞረ።

የእንዶድ ወዳጆች ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ የስዋዚላንድ ዋና ከተማ በሆነችው በምባባኔ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አድርገው ውጤታቸውን ተለዋወጡ። በስዋዚላንድ ፕሮፌሰር ሊዲያ ማኩቡ የተባሉት ኬሚስት በዚህ ተክል ላይ ብዙ ደክመዋል። በመጨረሻም በካናዳ መንግሥት የልማት ምርምር ማዕከል እርዳታ የመርዛማነቱ ምርመራ ተካሄደ። እንዶድ ዓይንን ክፉኛ ቢያስቆጣም ለአጥቢ እንስሳት ያለው አደገኛነት ዝቅተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ሲሆን ግን ዓድዋ ወንዝ ዳር ከታየው ነገር ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።

የቶሌዶ ነገር

በዚህ መካከል ታሪኩ ያልታሰበ አቅጣጫ ያዘ። በ1980ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ የመጣ አንድ ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጡር ተራባ። የውሃ ማጣሪያዎችንና የኃይል ማመንጫዎችን ቧንቧ እየደፈነ መሐንዲሶችን አስጨነቀ። ዶክተር አክሊሉ በ1990 የክብር ዶክትሬት ለመቀበል በኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ስለዚህ ፍጡር ሰሙና፣ «ይህስ የቀንድ አውጣ ዘመድ አይደለምን?» የሚል ሐሳብ መጣላቸው። ተሞከረ፤ እንዶድም ገደለው። በ1993 ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አጠቃቀም የፈጠራ ባለመብትነት አገኘ። ከፈጣሪዎቹም መካከል የዶክተር አክሊሉ ስም ተመዝግቧል።

ለአፍሪካ ወንዝ መታመን ያቃተው ተክል ለአሜሪካ ቧንቧ ሲሆን ቶሎ ተመዘገበ። ከዚህም ሌላ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ዕውቀቱን ለትውልዶች ጠብቀው ላቆዩት የኢትዮጵያ እናቶችና ገበሬዎች ድርሻቸው ምንድን ነው? በዚያን ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሕግ ገና በመወለድ ላይ ነበር። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ቢኖር፣ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ጽሑፍ በግንቦት 1992 የጸደቀው በዚህችው በምንኖርባት ናይሮቢ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያም በ2006 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 የዕፅዋት ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ከተገኘውም ጥቅም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ደነገገች። እንዶድ በዚህ ጉዳይ ላይ በሚደረግ ክርክር ሁሉ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ኖሯል።

ዛሬ

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1997 አረፉ። ብልሃርዚያ ግን አልጠፋም። በ2001 የዓለም ጤና ጉባኤ ቢያንስ 75 በመቶ የሚሆኑ ለአደጋ የተጋለጡ የትምህርት ቤት ልጆች በየጊዜው መድኃኒት እንዲያገኙ ወስኖ ብዙ ሚሊዮን ሕፃናት ረድቷል። ትምህርት ቤት ላልደረሱ ትንንሽ ልጆች የሚሆን መድኃኒት ግን አልነበረም፤ ክኒኑ ትልቅና መራራ ስለሆነ ይከብዳቸዋል። ለእነርሱ የተዘጋጀው አዲስ መድኃኒት የመጨረሻ ሙከራው የተካሄደው በኮትዲቯርና በኬንያ ነው፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2023 መልካም አስተያየት ሰጥቶበታል። በዓድዋ የድሉ ምስክር የነበሩት እነዚያው ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደነበሩ እናስታውስ።

ከዚህም በላይ፣ የታከመው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና እንደሚያዝ ልምዱ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒቱ ጎን ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ፣ የውሃ ምህንድስና ሥራና ቀንድ አውጣን በተመረጡ ቦታዎች ማጥፋት እንዲጨመር መክሯል። ሦስቱ በሮች እንደገና አብረው መከፈት እንዳለባቸው ታመነበት ማለት ነው። ዛሬ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው ኒክሎሳማይድ የተባለው የፋብሪካ ኬሚካል ነው። እንዶድ ግን አሁንም በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ደጋማ አገሮች በጫካ ጠርዝና በአጥር ላይ ይበቅላል፤ ጥናቱም አልተቋረጠም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ አበው፤ በሬው አለ፣ ሰርዶውም አለ፤ የሚቀረው ጠማጁ ነው።

ለእኛ ለወላጆች

ውድ አንባቢያን፣ ሁላችንም በስደት ስንኖር ልጆቻችን ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ሳይንቲስት እንዲሆኑልን እንመኛለን። ለትምህርት ቤት ክፍያ ስንል ምን ያህል እንደምንደክም እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። የምንመኘው ግን ብዙ ጊዜ ዲግሪውን ነው፤ ከሰርግና ከምረቃ ፎቶግራፍ ጋር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን። ምርምር ግን ከዲግሪ የተለየ ነገር ነው። ምርምር ሌሎች በየቀኑ እያዩ የሚያልፉትን ነገር ቆሞ መጠየቅ ነው። ለዚህም ልጁ የሚጠይቅበት ነገር፣ የሚጠይቃቸው ሰዎችና የሚጠይቅበት ቋንቋ ያስፈልጉታል። ሦስቱንም ልንሰጥ የምንችለው እኛ ነን እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም።

እኔ ለልጄ ይህን ሳልሰጣት ሃያ ዓመት አለፈ። እናቴ ዕድሜ ሰጥቷት ባትቆይ ኖሮ ያ የግማሽ ሰዓት ስልክ አይኖርም ነበር። በየቤታችን እንዲህ ያለ ዕውቀት የያዙ እናቶችና አባቶች አሉ። ጌሾን፣ ኮሶን፣ ግራዋን፣ የቆዳ ማለፊያውን፣ የእህል ማቆያውን የሚያውቁ አሉ። ያልኩት ሁሉ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ኮሶም እንዶድም ያለ መጠን የሚጎዱ ናቸውና ማንም በቤቱ እንዳይሞክራቸው አደራ እላለሁ። ነገር ግን መጠየቅና መጻፍ ማንንም አይጎዳም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አመራር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሻችን በሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት ላይ በወር አንድ ቀን አንድ አዛውንት ተጋብዘው፣ ልጆቹ ጥያቄ አዘጋጅተው እንዲጠይቋቸውና መልሱን በራሳቸው እጅ እንዲጽፉት ቢደረግ መልካም ነው። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ልጄ ራሷ ልታዘጋጅ ፈቃደኛ ናት። ከመንገድ ዳር ያገኘችው ተክል እንዶድ መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ጋር ማረጋገጥ ትፈልጋለችና፣ እንዶድ በእጁ የወቀጠ የማኅበራችን አባል ቢመጣላት ደስ ይላታል። እኔም እመጣለሁ፤ ሙቀጫ ያለው ሰው ግን ይዞ ይምጣ።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።